ከላይ ያለው መደርደሪያ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

እንደምን ሰነበትክ? ራስ ምታቱ ጋብ አለልህ ወይ? የወደቀው የዓይንህ ቆብስ? ግራ እጅህ ማንኪያ መያዝ ጀመረ? እኛ አንተን ከማሰብ በቀር ደህና ነን።

ሐኪሙ ያለውን ሁሉ እማዬ ከሆስፒታል በስልክ ነግራናለች። ከአንጎልህ ሥር ያለችው ዕጢ ላይ የበቀለው እባጭ ከልጅነትህ ጀምሮ አብሮህ ነበር አሉ። እንደዚያ ያስረዘመህ፣ እጅና እግርህንም ያሳደገው እሱ ነው። ዓመታት አርፎ ቆይቶ አሁን ወደ ካንሰር ተለውጦ አከርካሪህ ድረስ ዘልቋል። ወደ አንጎል ደም የሚወስደውንም ትልቁን የደም ሥር ዙሪያውን ይዞ አጥብቦታል፤ እጅህ የሰነፈው በዚያ ነው።

እውነቱን ልንገርህ፣ ስሰማ መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የቀናሁት በእባጭ ነው ማለት ነው! አባዬ “መቃኑ” እያለ ሲጠራህ ጨጓራዬ ይላጥ ነበር። የበሩን ጉበን ላንተ ብሎ ከፍ አደረገው፤ የወርክሾፑን መደርደሪያ ባንተ ቁመት ሰቀለው፤ እኔ መጋዝ ባስፈለገኝ ቁጥር በርጩማ ፍለጋ። ዛሬም ቅናቱ አልለቀቀኝም። ደንበኛው ሁሉ ገና ከበር “ወንድምህ እንዴት ሆነ?” ይላል፤ የሠራሁለትን ቁም ሣጥን ዞር ብሎ አያይም። እማዬ አንተ አጠገብ ወንበር ላይ ታድራለች፤ እኔን ጉንፋን ሲይዘኝ “ሎሚ ጠጣ” ብላ ስልኩን ዘጋችው። ታምሜም አልበልጥህ!

ባለፈው፣ መቼም አንተ የለህም ብዬ፣ መደርደሪያውን በኔ ልክ ዝቅ ላደርገው ብሎኑን ፈታሁ። አባዬ ገብቶ አየኝ። በርጩማው ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። መልሼ ሰቀልኩት።

ሐኪሞቹ ያሰቡልህን ኦፕራሲዮን እምቢ ማለትህን የሰማነው በማግስቱ ነው። የደም ሥሩ ሊፈነዳ ይችላል ስላሉህ ፈርተሃል፤ አልፈርድብህም። ግን ቢተዉትም ወይ ይዘጋል ወይ ይፈነዳል ብለዋል። አስቀድመው በቀጭን ቱቦ ገብተው የደም ሥሩን ይደግፉታል፣ ከዚያ ከእባጩ የሚነሳውን ያህል ያነሳሉ። ጨርሶ ባያድንህም ዕድሜ ይሰጥሃል። እባክህ እሺ በላቸው። በቁመት ቀደምከኝ፣ በአባዬ ቀደምከኝ፤ በዚህ ግን አትቅደመኝ።

የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ፤ ወንበሯ ላይ ትራስ ይደረግላት። አባዬ “በርታ በለው” ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። ትንሿ እህታችን ሹራብ እየሠራችልህ ነው፤ የእጅጌው ርዝመት አላልቅ ብሏት ትነጫነጫለች፣ በናፍቆት ስማሃለች። እኔ ትልቁን መላጊያ እዚያው ያንተ መደርደሪያ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ በርጩማውንም ሰባብሬ ማገዶ አድርጌዋለሁ። መጥተህ አውርድልኝ።

ታናሽ ወንድምህ
ከወርክሾፑ፣ ሰኔ አጋማሽ