በዋንጫ የቀረበልኝ የቆርቆሮ ቢራ

ላሊበላ፣ እሑድ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዛሬ የእህቴ ልጅ አስቴር ጉድ ሠራችኝ። አስጎብኚ ናት፤ እንግዳ የሰጣትን የቆርቆሮ ቢራ በዋንጫ ገልብጣ፣ የሚስቴ ጠላ ነው ብላ አቀረበችልኝ። እንደ ወጉ መጀመሪያ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ስለቀመሰች አመንኳት። ይመራል፤ ከምሬቱ በኋላ ግን እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይሸታል።

«ዘነቡ! ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ ያለ ጠላ ጠምቀሽ አታውቂም!» አልኩ።

አስቴር ባዶውን ቆርቆሮ ከለበሰችው ነጠላ ሥር አወጣች። «ጋሼ፣ ፈረንጅ ነው የጠመቀው!»

ተንኮል ያስተማርኳት እኔው ነኝ። ቀምሳ ታታልለኛለች ብዬ ግን አልጠረጠርኩም፤ በዚያ አይቀለድም።

ዘነቡ አልሳቀችም። «እውነት ከእኔ ይበልጣል?» አለችኝ ቀስ ብላ።

በሰው ሁሉ የምቀልደው እኔ፣ ዋንጫውን አስቀመጥኩ። አይበልጥም ብላትም አታምነኝም፤ ስጠጣ ፊቴን አይታዋለች።