በሰማያዊ ክር የሰፋሁት ጋቢ

ትሁን እህቴ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ወገዳ ከተማ ታላቅ እህቴ ዘንድ በሰላም ገባሁ። ገበያው እንደ እኛው የጋይንት አርብ ገበያ ሰው በሰው ነው፤ ብርዱ ግን ይብሳል።

ዛሬ ሽንብራ ስገዛ ሻጯ የደረበችውን ጋቢ አየሁት። ነጭ ክር አልቆብኝ መሃሉን በሰማያዊ የሰፋሁት፣ የራሴ ጋቢ ነው። ባሌ ጣሰው «ወንዝ ረስተሽው መጣሽ፣ አእምሮሽን ስተሻል» እያለ ሁለት ዓመት ይቅርታ ያስጠየቀኝ ያው ጋቢ።

«ምነው እቴ፣ ዓይንሽ ጋቢዬ ላይ ቀረ?» አለችኝ።

«ስፌቱን እያየሁ ነው።»

«ጣሰው፣ ባሌ፣ ከጋይንት ያመጣልኝ ነው። እናቱ ፈትለውት።»

አማቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እንዝርት ጨብጠው አያውቁም።

ሽንብራው ከእጄ አምልጦ ፈሰሰ። ምንም አታውቅም፤ ጎንበስ ብላ አብራኝ ለቀመችው። ያንገበገበኝ እሱን አምኜ የራሴን ጭንቅላት መጠራጠሬ ነው።

እሑድ ሽማግሌዎቹ የሚመጡት «ያለ ነገር ጠረጠርኩህ» ብዬ እግሩ ላይ እንድወድቅ ነበር። እንዳይቀሩ ንገሪያቸው። ቅዳሜ እመጣለሁ። አልወድቅም፤ ቆሜ ያየሁትን እናገራለሁ፤ ከዚያ ቤት እወጣለሁ።

ይህን ካርድ በአውቶቡሱ ሾፌር ልኬልሻለሁ። ልጅሽን ራሄልን ሳሚልኝ። መጻፊያ ቦታው አለቀ፤ ጥጥ ግዢልኝ፣ ለራሴ ጋቢ እፈትላለሁ። የመስፊያው ክር ሰማያዊ ይሁን።

ጌጤ