ለሸዋነሽ አስተርጓሚ ይቁምላት

ቀን፦ ግንቦት 11 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለዞኑ ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አርባ ምንጭ

አቤቱታ አቅራቢ፦ ባዘዘው ገብረ ማርያም፣ ጡረተኛ
አድራሻ፦ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ

ጉዳዩ፦ የመርሳት ሕመም ያደረባቸው አረጋውያን ለሚኖሩበት ቤት የአያያዝና የደኅንነት ደንብ እንዲወጣ፣ በባለቤቴ በወ/ሮ ሸዋነሽ ሻንካ ላይ የደረሰው ጉዳትም እንዲጣራ ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ስሠራ ኖሬ በጡረታ የተገለልሁ ሰው ነኝ። ትውልዴ ጎጃም ነው። የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ገና ጨንቻ ሳለ ተመድቤ መጥቼ እዚያው የጋሞ ተወላጅ ከሆነችው ከወ/ሮ ሸዋነሽ ጋር በቁርባን ተጋባን። መሥሪያ ቤቱ ወደ አርባ ምንጭ ሲወርድ አብረን ወረድን። እግዚአብሔር ልጅ አልሰጠንም። ሸዋነሽ የምለብሰውን ጋቢ ራሷ ፈትላ፣ ለወንድሞቿ ሰጥታ የምታሸምንልኝ፣ ጨዋታ የምታውቅ ሴት ነበረች። አማርኛ የተማረችው ከእኔ ጋር ነው፤ ውሎ አድሮ ግን በቀልድ እኔን የምታስከነዳ ሆነች። ጎረቤት እርሷን ለመስማት ቤታችን ይመጣ ነበር።

2. ሕመሙ የጀመራት ቀስ ብሎ ነው። ድስት ጥዳ ትረሳለች፤ ቁልፍ ያስቀመጠችበትን ትረሳለች፤ በዚህም እንሳሳቅ ነበር። በኋላ ሲቀላ ገበያ ሄዳ የቤቷ መንገድ ጠፋባት። አንድ ቀን ደግሞ በኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ የሚያጠጡ ሰዎች፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ወደ ወንዙ ስትገባ ደርሰው አወጡልኝ። «ወዴት ነው እናታችን?» ሲሏት «ወደ እናቴ ቤት» ብላቸዋለች። እናቷ ከሞተች ብዙ ዘመን ሆኗል። ያያት ሐኪም «ለዚህ የምንሰጠው መድኃኒት የለንም፤ እንዳትጠፋና እንዳትወድቅ ይጠብቋት» አለኝ። እኔ በምርኩዝ የምሄድ ሰው ነኝ። ብትፈጥን አልደርስባትም፤ ብትወድቅ አላነሣትም።

3. ከሁሉ የከበደኝ ግን አማርኛው እየተለያት መምጣቱ ነው። መጀመሪያ የዕቃ ስም ጠፋት። ከዚያ በአማርኛ የጀመረችውን በጋሞኛ ትጨርስ ጀመር። በመጨረሻ ጋሞኛው ብቻ ቀረ። ቤታችን ሁልጊዜ በአማርኛ ነበርና እኔ ከሰላምታና ከገበያ ቃል የሚያልፍ ጋሞኛ የለኝም። አንድ ጠዋት ፊቷን ሳጥባት ቀና ብላ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ደግማ ጠየቀችኝ። መልስ ስታጣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያን ዕለት ቁርስ አልበላችልኝም።

4. በዚህ ችግር ላይ ሳለን «የምሕረት ጥላ» የሚባለው የአረጋውያን መኖሪያ በከተማችን ተከፈተ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ተክለጻድቅ በአክብሮት ተቀብለውኝ፣ «አባታችን፣ እዚህ ከቤትዎ የተሻለ ትያዛለች፤ ሐሳብ አይግባዎት» አሉኝ። አምኜ አስገባኋት።

ቤቱ በክፉ ሐሳብ ተቋቋመ አልልም። ምግብ አለ፤ አልጋ አለ። ነገር ግን ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ ነው። ኮርኒስ የለውም፤ በቀትር የቆርቆሮው ሙቀት ደኅናውን ሰው ያፍናል፣ እንኳን እንደ ሸዋነሽ ያለ የጨንቻ ደጋ ሰው። የመታጠቢያው ወለል ልሙጥ ሲሚንቶ ነው፤ ውሃ ይተኛበታል፤ በግድግዳው ላይ በእጅ የሚያዝ ነገር የለም። አስታማሚዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ስለዚህ ሕመም ያስተማራቸው ሰው የለም። ከሁሉም በላይ፣ በጋሞ ምድር በተሠራ ቤት ውስጥ ጋሞኛ የሚሰማ አንድ አስታማሚ እንኳ አልነበረም።

5. በዘንድሮው ዐቢይ ጾም አጋማሽ ልጠይቃት ስሄድ ባለቤቴን በነጠላ ከአልጋው ብረት ጋር ታስራ አገኘኋት። አስታማሚዋን ወ/ት ጽጌረዳን ምክንያቱን ብጠይቃት፣ «እማማ ልነሣ እያሉ አስቸገሩን፤ ይጮኻሉም። እንዳይወድቁ ብለን ነው አባባ፤ አለቃችን ፈቅደዋል» አለችኝ።

«ምን እያለች ነው የምትጮኸው?» አልኳት።

«እንዲያው መለፍለፍ ነው። በዚህ ሕመም እንዲህ ይሆናሉ» አለችኝ።

ልጅቱ ክፉ አይደለችም፤ ይህን ስትነግረኝ የባለቤቴን ላብ በእጇ እየጠረገች ነበር። ሸዋነሽም እጄን ይዛ «ታና ሳኬስ» አለችኝ። ደጋግማ አለችኝ። የናፈቅኋት መስሎኝ «እሺ፣ እሺ የኔ እመቤት» እያልሁ ጸጉሯን ዳበስሁላት። ነጠላውን ፈታሁት። እኔ ስወጣ መልሰው አሰሯት።

6. በሚቀጥለው ሳምንት ታናሽ እህቷ ወ/ሮ በለጥሽ ከጨንቻ ወርዳ አብረን ሄድን። በለጥሽ ገና ከበሩ ስትደርስ የእህቷን ድምፅ ሰማች፤ የያዘችውን ዘንቢል እዚያው ጣለችው።

«ጋሼ፣ ምን ሆናችሁ ነው ዝም ያላችሁ? ‹ታና ሳኬስ›፣ አመመኝ እኮ ነው የምትላችሁ! ውሃው ላይ ወደቅሁ፣ ጭኔ ተሰበረ፣ ፍቱኝ እያለች ነው!»

ከዚያም አልጋው ሥር ተንበርክካ በቋንቋቸው ታናግራት ጀመር። ሸዋነሽም የሚመልስላት ሰው ስታገኝ ጩኸቷን አቆመች። ወ/ት ጽጌረዳ «መታጠቢያ ቤት ተቀምጠው ሳገኛቸው ደክሟቸው መስሎኝ አንሥቼ አስተኛኋቸው» ብላ አለቀሰች።

7. በኪራይ ፒካፕ ሆስፒታል አደረስናት። ሐኪሙ የዳሌዋ አጥንት መሰበሩን፣ ስብራቱም የሰነበተ መሆኑን ነገሩን። ጀርባዋም ታስራ ከመተኛቷ የተነሣ ቆስሏል። «አሁን ባላት አቅም ቀዶ ጥገናውን አትችለውም፤ ከእንግዲህ ሥቃይዋን እየቀነስን ማስታመም ነው» አሉ። ሐኪሞቹ የተቻላቸውን አድርገውልናል፤ ቅሬታዬ በእነርሱ ላይ አይደለም።

8. አሁን የት ናት ብለው ቢጠይቁኝ፣ እዚያው ቤት ናት። ይህን የምጽፈው አንገቴን ደፍቼ ነው። በለጥሽ ልትወስዳት ፈልጋ ነበር፤ ቤቷ ግን ከመኪናው መንገድ ወጥቶ ረጅም ዳገት በእግር ተሂዶ ነው፤ ባሏም አልጋ ላይ ነው። እኔ ቤት ብትመጣ የሚያገላብጣት የለም። ለአቶ ተክለጻድቅ አቤት ብላቸው፣ «አባታችን፣ እኛ የምንችለው ይህን ነው። ካልተስማማዎት ይውሰዷት፤ ተራ የሚጠብቀው ብዙ ነው» አሉኝ። በቁጣ አልተናገሩኝም። እውነታቸውንም ነው፤ እናቱን አዝሎ በሩ ላይ የቆመ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ የምከስሰውን ቤት እየለመንሁ እኖራለሁ። ይህ አቤቱታም በእርሷ ላይ ቂም እንዳያመጣባት እየፈራሁ ነው የጻፍሁት። ቀድጄው ነበር፤ እንደገና ጻፍሁት።

9. ወደ ጽሕፈት ቤትዎ በቃል አመልክቼ ነበር። ያነጋገሩኝ ባለሙያ ወንበር ስበው አስቀምጠው፣ በትሕትና ሰምተው፣ «አባባ፣ ለእንደዚህ ዓይነት ሕመምተኛ ብሎ የወጣ ደንብ በእጃችን የለም፤ በምን እንጠይቃቸው?» አሉኝ። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ መዝገብ ሳወጣና ሳስገባ የኖርሁ ነኝ። ይህን ግን አውቃለሁ፦ ሰው ገድሎ የቀረበ ተከሳሽ እንኳ የችሎቱን ቋንቋ የማያውቅ ሲሆን አስተርጓሚ ምሎ ይቆምለት ነበር። አስተርጓሚው እስኪመጣ ዳኛው ነገሩን አይሰሙም፤ ቀጠሮ ይሰጣሉ። ሸዋነሽ በማንም ላይ ያጠፋችው የለም። በገዛ አገሯ፣ በእናቷ ቋንቋ፣ አጥርታ ስትናገር «መለፍለፍ ነው» ተባለች።

10. ስለዚህ ክቡርነትዎ እንዲህ ዓይነት ሕመምተኛ የሚቀበል ቤት ሁሉ የሚተዳደርበት ደንብ እንዲወጣ ያደርጉልኝ ዘንድ እለምናለሁ። በየፈረቃው የሕመምተኛውን ቋንቋ የሚሰማ ሰው ይኑር። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማንም አይታሰር፤ የታሰረም ቢሆን ዘመዱ በዕለቱ ይነገረው። የወደቀ ሰው «ደክሞት ነው» ተብሎ አይተኛ፣ ሐኪም ይየው። መታጠቢያው የማያንሸራትት ይሁን፣ የሚያዝ ብረት ይግባለት። ከጽሕፈት ቤትዎም ሰው ሳያስታውቅ እየሄደ ይይ፤ አስታውቆ ሲሄድማ አንሶላው ተለውጦ፣ ነጠላው ተፈትቶ ነው የሚጠብቀው። ወ/ት ጽጌረዳ ከሥራ ትባረር ብዬ አላመለክትም፤ እንድትማር ነው የምፈልገው። ባለቤቴም በዚህ አቤቱታ ምክንያት አልጋዋን እንዳትነጠቅ ጥበቃ ይደረግላት።

ይህ ሁሉ ጊዜ እንደሚፈልግ አውቃለሁ። ለሸዋነሽ የሚደርስላት አይመስለኝም። ከእርሷ በኋላ ለሚተኙት ነው።

11. ለራሴ የምጠይቀው አንድ ነገር ቀርቷል፤ በደንብ የሚገባ ባይሆንም አይቆጡኝ። በለጥሽ በቻለች ጊዜ እየወረደች ታያታለች። እኔም አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ሸዋነሽ ለእህቷ ብዙ ታወራለች፤ አንዳንዴ ትስቃለች፣ አንዳንዴ ትቆጣለች። በመካከሉ ስሜን ስትጠራ እሰማለሁ። «ምን አለች?» ስላት በለጥሽ «የድሮ ነገር ነው ጋሼ፣ ይተዉት» ትለኛለች። አጥብቄ ብጠይቃት ዕንባዋ ይመጣል። አልፈርድባትም፤ እኔን እንዳይከፋኝ ብላ ነው።

ባለቤቴ ክረምቱን የምትሻገር አይመስለኝም። መርማሪ በሚልኩ ጊዜ ሁለቱንም ቋንቋ አጥርቶ የሚያውቅ፣ ለእርሷም ለእኔም ዘመድ ያልሆነ ሰው አብሮ እንዲላክልኝ እማጸናለሁ። ወለሉንና አልጋውን አይቶ ሲጨርስ እርሷ ዘንድ ጥቂት ይቀመጥ። ጠዋት ቢሆን ይሻላል፤ ጠዋት ትናገራለች። የምትለውን ሳያሳምር፣ ሳይቀንስ በአማርኛ ይጻፍልኝ። በእኔ ላይ የምትለውም ቢሆን ይጻፍ።

ደጅዎን በመጥናት ከማይሰለች አዛውንት፣ ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ባዘዘው ገብረ ማርያም