ከነታሪኩ የተላከ ኩሽኔታ

ውድ ልጄ፣

ባለፈው ወር ሰባ አራት ዓመት ደፈንኩ። መርፌ ውስጥ ክር አሁንም ራሴ አስገባለሁ፣ ሸሚዜን ራሴ አጥባለሁ፣ የወፍጮ ቤቱንም ደረጃ ያለ ምርኩዝ እወጣለሁ። ይህን ያስቀደምኩት የሚከተለውን ስታነቢ «አባዬ ደክሟል» ብለሽ እንዳታዝኚልኝ ነው። ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ደግሞ፣ ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ዓመቴ ከእናትሽ ዘንድ መሆኑን ታውቂያለሽ። ነፍሷን ይማርና፣ አስተማሪ ሆና ስትቆጣ አያድርስ ነበር።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ለመመረቂያ ጥናትሽ ዘንግ ተሸክሞ ሲሽከረከር ኖሮ የሞተ ኩሽኔታ ፈልገሻል። «አባዬ፣ ከነታሪኩ ላክልኝ። ስንት ጊዜ እንደሠራ፣ ምን ያህል ግራሶ እንደጠጣ፣ በምን እንደሞተ ካላወቅሁ ብረት ብቻ ነው» ብለሻል። ከዚያ ወዲህ ሦስት ሳምንት ዝም አልኩሽ። ኩሽኔታስ አላጣሁም፤ በእናትሽ አሮጌ ሻርፕ ተጠቅልሎ አልጋዬ ሥር ተቀምጦ ነበር። ያስቸገረኝ ታሪኩ ነው።

ለዕረፍት በመጣሽ ጊዜ ምሳዬን ይዘሽልኝ ወፍጮ ቤት ገባሽ። እኔ የሞተሩን ኩሽኔታ ግራሶ ሳጠጣ ደረስሽ። እጅሽን አሳረፍሽበትና ቶሎ አነሳሽው። ጠጋ ብለሽ፣ ማንም እንዳይሰማ በለሆሳስ፣ «አባዬ፣ ይሄ ነገር ይፋጃል። ግራሶው በዝቶበታል፤ ሲሦው ቢሞላ ይበቃዋል። ጢም ሲል ኳሶቹ ግራሶውን ሲያቦኩ ነው የሚውሉት፣ ሙቀቱም ከዚያ ይመጣል» አልሽኝ።

እኔ ግን ሰው ሁሉ እንዲሰማ አደረግሁት። «አንቺ ሰበቃን ከወረቀት ተማርሽ፣ እኔ መዳፌ እየተላጠ። በስስት የሠራ ወፍጮ አይቼ አላውቅም» አልኩ። ስንዴ ሊያስፈጩ የተሰለፉት ሴቶች ሳቁ። አንዷማ፣ ወፍጮውንም እንደ ራስሽ ከሲታ ልታደርጊው ነው ወይ ብላ ቀለደችብሽ። አንቺም ሳቅሽ፣ በጥርስሽ ብቻ። በማግስቱ እኔ ሳልነቃ ወጥተሽ ሄድሽ። መናኸሪያ ድረስ ሮጬ ልደርስብሽ እችል ነበር። አልሮጥኩም።

ልጅ ሆኜ የሠራሁበት ወፍጮ ቤት ጌታው ግራሶውን በቁልፍ ይዘጋበት ነበር። ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ሲያለቅስ እሰማለሁ። ሞተር በኃላፊነት የተረከብኩ ዕለት ይሄ ጠግቦ ይደር ብዬ ማልኩ። በዚያ መሐላ ሃምሳ ዓመት ስንቱን ኩሽኔታ እንደገደልኩ እግዜር ይወቅ።

አንቺ በሄድሽ በአሥራ አንደኛው ቀን ኩሽኔታው ነደደ። ዘንጉ ተነከሰ፣ ቺንጋው ተበጠሰ፣ ወፍጮው ሦስት ቀን ቆመ። ስፈታው ግራሶው ከሰል መስሏል፣ ኳሶቹ ሰማያዊ ሆነዋል። ከዚያ በፊት ወፍጮውን የሚያንቀሳቅሰው ልጅ፣ ያ በቅጥነቱ ጭራሮ የምንለው፣ ሁለት ጊዜ ድምፁ ተለውጧል ብሎኝ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ድምፁን ላዳምጥ ካቻቪቴ ኩሽኔታው ላይ ተከልኩ፣ እጀታውን ቀኝ ጆሮዬ ላይ አስደገፍኩና «ደህና ነው» አልኩ። ቀኝ ጆሮዬ መስማት ካቆመ ሁለት ዓመቱ ነው። ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ እናትሽ ብቻ ሳልነግራት አውቃብኝ ነበር።

ባለወፍጮዋ መጥታ ምን ሆኖ ነው ስትል አፌ ቀደመኝ። ግራሶ የማጠጣቱ ተራ የጭራሮ ነበር፣ ረስቶ ነው አልኳት። በግራሶ የሰጠመውን በጥማት ሞተ አልኩ። ጭራሮ አንዴ ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዚያ መሬት መሬቱን እያየ፣ «አባባ ካሉ ረስቼ ይሆናል» አለ። በዚያው ቀን አሰናበተችው። አሁን ጣውላ ቤት ይሸከማል። መንገድ ላይ ስንገናኝ ከነሸክሙ ጎንበስ ብሎ እንዴት ዋሉ ይለኛል። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አዲሱን ኩሽኔታ ሲሦ ሞላሁት። ሰው እንዳያየኝ ዞር ብዬ፣ እንደ ሌባ። አራት ወር ሆነው። በየጠዋቱ እጄን አሳርፍበታለሁ፤ ደህና እንደተኛ ሕፃን ግንባር ለብ ያለ ነው።

የሞተውን ሳላጥበው ልኬልሻለሁ። ጥቁሩን ግራሶ ሳታዪው አትፋቂው። ታሪኩም ይኸው፦ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሠራ፣ ግራሶ ያለ ልክ ጠጣ፣ በአባትሽ እልህ ሞተ። እንዲህ ብለሽ ጻፊው።

አሁን ደግሞ ለባለወፍጮዋ ልጻፍላት፣ ጭራሮንም ላባብለው ይልሽ ይሆናል። ተይው። ያቦካሁትን ራሴ እጋግራለሁ። ያለብኝን ዕዳ አውቀዋለሁ። ነገ ጠዋት ሴቶቹ ተሰልፈው ሳሉ ለባለወፍጮዋ እውነቱን እነግራታለሁ። ከዚያ ወጥቼ ጣውላ ቤት እሄዳለሁ፤ ጭራሮን ሸክሙን አስወርጄ በጓደኞቹ ፊት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ቦታውን አልመልስም ካለች የእኔን ይውሰድ፣ የሱ ጆሮ ይሰማል። ለእናትሽም፣ ጆሮህን ታይ እያለች ላረፈችው፣ ሐኪም ቤት እሄድላታለሁ። ያንቺ ግን ብቻዬን የምከፍለው አልሆነም፤ መምጣትሽን ይፈልጋል። ስትመጪ መናኸሪያ ቆሜ እጠብቅሻለሁ፣ ሻንጣሽንም እኔ እይዛለሁ። በቀጥታ ወፍጮ ቤት እንሂድ። ሰልፉ እንዳለ፣ እጅሽን ኩሽኔታው ላይ አሳርፊና ያን ቀን በለሆሳስ ያልሽኝን ድገሚልኝ። ጮክ ብለሽ፣ በግራ ጆሮዬ በኩል።

አባትሽ