የሁለተኛዋ ኳስ ኪስ

ሐሙስ፣ ሰኔ 12
ከስፌት ማሽኑ አጠገብ

ለኔዋ ፌንጣ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ፣ የኔ ዓለም? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ ጤናውን ነው እንጂ፣ እኔስ ሰሞኑን ወንበሬ ላይ እሾህ የበቀለ ይመስል አንድ ቦታ አልረጋ ብያለሁ። ማሽኑ ላይ ቁጭ ስል ክሩ ይበጠሳል። ስነሳ ደግሞ ለምን እንደተነሳሁ ይጠፋኛል። ስልክማ አልደውልም። "ደህና ነኝ እማ፣ አሰልጣኙ እየጠራኝ ነው" ትዪና ጆሮዬ ላይ ትዘጊዋለሽ። ይኼን ግን እስከ መጨረሻው ታነቢያለሽ።

በጓደኛሽ እጅ የላክሽው ነጭ የቴኒስ ጉርድ ደርሶኛል። "ወገቡ ሰፍቶኛል፣ አጥብቢልኝ" ብለሻል። ሰፋሽ? አምና እኮ ትንፋሽሽን ውጠሽ ነው የቆለፍሽው! ምን እየበላሽ ነው እዚያ? እሺ፣ እሱን ተዪው። እኔን ሥራ ያስፈታኝ ኪሱ ነው፤ ያ ከውስጥ በኩል የምሰፋልሽ የሁለተኛዋ ኳስ ኪስ። ወደ ላይ ወርውረሽ የምትመቻት የመጀመሪያዋ ኳስ መረቡ ላይ ስትቆምብሽ ሁለተኛዋን ከዚያ ውስጥ መንጭቀሽ ነው የምታወጫት። ከስድስት ዓመትሽ ጀምሮ የዚያ ኪስ አፍ ሳይተረተር የመጣ ጉርድ አላውቅም። "ይቺ ልጅ ኪሱ ምን በደላት?" እያልኩ ስንቴ ሰፋሁት! አሁን ገልብጬ ሳየው በጥር የሰፋሁት ስፌት እንዳለ አለ። አንዲት ክር እንኳ አልሳሳችም።

ውድድሩ በዝናብ ተራዘመ ያልሽኝ ሦስት ሳምንቱ ነው። ኪሱ ግን ከጥር ጀምሮ ኳስ አላየም።

ትከሻሽ ነው አይደል? ያ "ትንሽ ነካ አድርጎኛል" ያልሽኝ? እጅሽን ወደ ላይ ማንሳት አቅቶሻል አይደል? አፈር ስሆንልሽ፣ እውነቱን ንገሪኝ።

ለአባትሽ ወዲያው አልነገርኩትም። በምን አፌ? ያንን ቀይ ሜዳ ሲጠርግና ውኃ ሲያጠጣ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው፣ ሜዳው ላይ የቀረለት ነገር አንቺን ማውራት ነው። ትናንት ምሳ ይዤለት ስሄድ ያ ቦርጫሙ የጥርስ ሐኪም፣ ሁልጊዜ ኳሷ ከመስመር ወጥታለች እያለ የሚከራከረው፣ "ልጅቷ የት ጠፋች?" አለው። "ዝናብ ይዟት ነው፤ እዚያ አገር ሲዘንብ አይጣል ነው" አለ አባትሽ። ጉርዱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ምሳውን አስቀምጬለት ሮጥኩ።

ዛሬ ጠዋት ታዲያ ጢሙን ሲላጭ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ትቶት፣ ሰዓት ልይ ብዬ ባነሳው ያለሽበት ከተማ የአየር ሁኔታ ተከፍቶ አገኘሁት። ከላይ እስከ ታች ፀሐይ ብቻ።

"ይኼ ምንድን ነው?" አልኩት።

"ያለችበትን ከተማ አየር አያለሁ። ሜዳው ኳስ የሚያፈጥን ይሁን የሚያዘገይ ለማወቅ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከሄደች ጀምሮ ነዋ።" ምላጩን እያጠበ ነው የሚያወራኝ።

"ዝናቡስ?"

"ጠብ አላለም።"

አንቺ ልጅ፣ ለሜዳ ጠባቂ እንዴት በዝናብ ይዋሻል! ሳቄ መጣ፣ ከዚያ እንባዬ መጣ። ጉርዱን አምጥቼ ኪሱን አሳየሁት። ጣቱን ከትቶ ስፌቱን ዳሰሰው። ሳሙናውን ከፊቱ ላይ ጠረገና "ሜዳውን ውኃ ላጠጣ" ብሎ ወጣ። ጎህ ሳይቀድ አጠጥቶት የተመለሰውን ሜዳ!

ተናድጄብሻለሁ፣ አልዋሽሽም። በአስራ ሁለት ዓመትሽ ከአንቺ የሚበልጥ ሻንጣ እየጎተትሽ ስትሄጂ አላለቀስሽም። እኔም "ጎበዝ" አልኩሽ። በየከተማው እየዞርሽ፣ ጠዋት ተሸንፈሽ ማታ አውቶቡስ ላይ እያደርሽ፣ ደረጃሽ ወደ ኋላ ሲንሸራተት እንኳ "በሚቀጥለው" ነው የምትዪን። ጎበዝ ማለቴን አሁን አልወደድኩትም። ያንን ሁሉ ወር አመመኝ የምትይው ሰው አጥተሽ መክረምሽ ነው የሚያንገበግበኝ።

ጉርዱን ልኬልሻለሁ። ወገቡን አጥብቤዋለሁ፣ ኪሱን ግን ፈትቼ አወጣሁት። አሁን እንደማንኛውም ጉርድ ነው፤ ለመንገድ ይለበሳል። ጨርቁን አልጣልኩትም፤ መልሰሽ ትፈልጊው ይሆናል ብዬ መሳቢያው ውስጥ አኑሬዋለሁ።

ትከሻሽን ይማርልኝ። ክፉ አይንካሽ፣ እንቅልፍሽን ሰላም ያድርግልሽ።

አሁን ሜዳው ድረስ ሄጄ አባትሽን "ምን ልበልልህ?" ብዬው መጣሁ። ቱቦውን እንደያዘ ቀና ሳይል ነው የመለሰልኝ።

"ዝናቡ አላባራም፣ ሰምተናል በያት። ሲዘንብ ደግሞ ሜዳ ላይ አይቆምም። ቤት ትግባ።"

እናትሽ