ዘርፉ የጻፈችው ቤት

ናዝሬት፣ ጥር 1983

ውድ ሸዋወርቅ፣

ታናሽ እህቴ ዘርፉ የቤት ደላላ ሆናለች። የሚሸጡትን ቤቶች ወሬ በየወሩ በአንድ ገጽ ጽፋ፣ አባዝታ ታድላለች። የእናንተ የደብረ ብርሃን ደላላ ጆሮ ላይ ያንሾካሽካል፤ እሷ ግን የቤቱን ጉድለት ሳይቀር ትጽፋለች። በዚህ ወር ስለ አንድ ቤት «ጣራው ያፈሳል» ብላ በመጻፏ ባለቤቱ ተቆጥቶ ሌላ ደላላ ሊፈልግ ነበር። ሰኞ ዕለት አንድ ሽማግሌ፣ ኦቦ ሰንበታ፣ ወረቀቱን ይዘው ከደራ መጡ።

«ያፈሳል ያልሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ አባባ፣ እኔ ነኝ።»

«ይህን ካልደበቅሽ፣ ግድግዳው ጠንካራ ነው ያልሽውንም አምናለሁ። አሳዪኝ።»

ዓርብ ሽማግሌውና ባለቤቱ እኔም ባለሁበት ውል ተፈራረሙ። ባለቤቱም «የእህቴንም ቤት ጻፊልኝ» አላት። ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ መሆኔን እዚያ ለተቀመጡት ሁሉ ነገርኳቸው።

ቦታ አለቀብኝ። እማማ አበበችን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

ሙሉብርሃን