ቪቶሪን የያዘችልን ቦታ

ኢስላ፣ ማልታ
እሑድ ኖቬምበር 17 ቀን 2019

ለምወድሽ ልጄ ለማርቴዝ፣

እንደምን ሰነበትሽ፣ የኔ ዓለም? ባልሽስ? ልጆቹስ? የትንሹ ጥርስ ወጣ ወይስ አሁንም እንቅልፍ ይነሳሻል? እኛ መድኃኔ ዓለም ይመስገን ደህና ነን። አባትሽም ደህና ነው፣ ማለቴ እንደ አቅሙ ደህና ነው። አሁን ከጎኔ ተቀምጦ ኳስ ያያል። ምን እየጻፍሽ ነው ሲለኝ፣ አንተን እያማሁ ነው አልኩት።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ቤቱን ሸጣችሁ ሜልበርን ኑ፣ ግቢያችን ሦስት መኪና ያስቆማል፣ አባዬ ከመኪና ወርዶ ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ቤት ይገባል ያልሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በስልክ እንዳልመልስልሽ የአባትሽ ጆሮ የድመት ጆሮ ነው። መልሴን ከመስጠቴ በፊት ግን ያልነገርኩሽ ነገር አለና እሱን ላስቀድም። አትቆጪኝ።

በሴፕቴምበር፣ የእመቤታችንን ልደት ባከበርን በሳምንቱ፣ አባትሽ ከእንግዲህ ሕክምና አልሄድም ብሎ ነበር። ሁለት ጊዜ ቀረ። ኩላሊቱ ያቆመ ሰው ደም ከሚያጥበው ማሽን ሁለት ጊዜ ሲቀር ምን እንደሚሆን ሐኪሙ በስልክ ነገረኝ።

ሕመሙን ፈርቶ እንዳይመስልሽ። የመኪና ማቆሚያ አጥተን ነው። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት እንወጣለን፣ ቀትር ላይ እንመለሳለን። መንገዳችንን ታውቂዋለሽ፤ የለቀቅሽው ቦታ እግርሽ ሳይርቅ ይያዛል። ስንመለስ የሚገኘው ታች ወደቡ ዳር ነው፣ ከዚያ ሰባ ስምንት ደረጃ። ሞክረነው ነበር። ሠላሳ አንደኛው ላይ ቁጭ አለና «ዶሪስ፣ መቃብሬን እዚሁ አድርጊልኝ» አለኝ። በራችን ላይ ላውርደው ብዬ መሐል መንገድ ስቆም ደግሞ፣ ደግፌ እስካስገባው ሩብ ሰዓት ይፈጃል፣ ከኋላ የተሰለፈው ሁሉ ጡሩምባውን ይነፋል። ሠላሳ አራት ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው መሆኑን አትርሺ። መንገድ የዘጋ ሹፌር ለእሱ ሰው አልነበረም። አሁን መንገድ የሚዘጋው እሱ ሆነ። «እንደ ጆንያ እየተጎተትኩ የሰፈሩን መንገድ ከምዘጋ አልጋዬ ላይ ልሙት» አለኝ። የበሽተኛ ማቆሚያ በራችን ላይ እንዲሰመርልን ከፋሲካ በፊት ያስገባነው ማመልከቻ፣ ባለፈው ስጠይቅ፣ በመታየት ላይ ነው አሉኝ። በጣም ደህና አድርገው ሳያዩት አልቀሩም።

አሁን ስለ ቪቶሪን ልንገርሽ። አዎ፣ ጎረቤታችን ቪቶሪን፣ ስሟ እቤታችን የማይነሳው። በሠርግሽ ቀን ባሏ ዌንዙ ለመኪናው ቦታ ብሎ ያስቀመጠውን ወንበር፣ የሙሽራ መኪና የሚቆምበት ጠፍቶ፣ አባትሽ አንስቶ በደረጃው ቁልቁል ሲወረውረው ባሕር ገባ። የእናቷ ወንበር ኖሯል። እኛ በምን እናውቃለን? እሱም ይቅርታ አላለ፣ እሷም አልረሳች። ዘጠኝ ዓመት ግድግዳ ተጋርተን ደህና አደራችሁ ሳንባባል ኖርን። ዌንዙ የሞተ ጊዜ እንኳ ቤተ ክርስቲያን የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጠን ሳንታይ ወጣን።

ዌንዙ ከሞተ ወዲህ መኪናው ከበራችን ፊት ለፊት፣ እሱ በገዛ እጁ ባቆማት ቦታ ላይ አራት ዓመት ቆማ ቀረች። ቪቶሪን ቅዳሜ ቅዳሜ ትወለውላታለች። አንዳንዴ ገብታ ትቀመጣለች፣ ያውም በተሳፋሪው በኩል። ሰፈሩ ሁሉ ይረግማታል፤ እኔም ረግሜያታለሁ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። እኛ ቦታ አጥተን እየዞርን የሞተ ሰው መኪና በራችን ላይ ይተኛል እያልኩ።

አባትሽ አልሄድም ብሎ የጮኸ ቀን ግድግዳው ቀጭን ነውና ሁሉን ሰማች። በማግስቱ መካኒክ ጠርታ መኪናዋን አስነሳች። ልትሸጣት ነው ብለን አወራን።

በዚያው ሳምንት ዓርብ አባትሽን ለምኜ፣ ለዛሬ ብቻ ብዬ ወሰድኩት። ቀትር ላይ በመንገዳችን ስንገባ ቪቶሪን በቤት ጫማ መሪው ላይ ተቀምጣለች፣ ሞተሩ ይሠራል። መንጃ ፈቃድ ያወጣችው በልጅነቷ ነው፤ ከዚያ ወዲህ መሪ ስትነካ ያየ የለም። እንድንገባ ልትወጣልን ነው። ወደፊት ትል፣ ወደኋላ ትል፣ ከኋላዋ ያለውን ጠርዝ ትገጭ። አባትሽ መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

«ግራ» አላት። «ግራ አልኩሽ እኮ፣ ሴትዮ። በምታማትቢበት እጅ አይደለም፣ በሌላኛው።»

«አንተ ሄደህ አውቶቡስህን እዘዝ» አለችው ዞር ብላ ሳታየው።

«አውቶቡሴማ ከአንቺ የተሻለ ይሰማ ነበር።»

«ስለማይናገር ነዋ። ቢናገር ምን ይልህ እንደነበር አውቃለሁ።»

ዕርቃችን ይኸው ነው፣ ልጄ። ቄስም ሽማግሌም አልጠራንም።

ወጣች፣ ገባን። እሱን ደግፌ በሦስት እርምጃ ከቤት። እሷ መኪናዋን ታች ወደቡ ዳር አቁማ ሰባ ስምንቱን ደረጃ በዚያ በታመመ ጉልበቷ ወጣች። ሰኞ ጠዋት ገና ሳንወጣ ደግሞ ወርዳ መኪናዋን አምጥታ መንገዱ አፍ ላይ ትጠብቃለች። እኛ ስንለቅ ትገባለች፣ ስንመለስ ትለቃለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዲህ ነው። ላመሰግናት ስሞክር «መኪና ሲቆም ይበላሻል፣ መካኒኩ ነው አሽከርክሪ ያለኝ» ትለኛለች። ዌንዙ እንዳቆማት ግን ያቺ መኪና ዳግመኛ አትቆምም፤ እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች።

አባትሽ ግን አሁንም ልቡ አልገባበትም ነበር። ይሄዳል፣ ግን በየጠዋቱ «ይሄ የመጨረሻዬ ነው» ሳይል ጫማውን አያስርም። እስካለፈው ዓርብ ድረስ።

ዓርብ ዕለት ስንወጣ ቪቶሪን መንገዱ አፍ ላይ አልነበረችም። ተኝታ ይሆናል፣ ሰው ናት አልኩ። ለካስ ታች መኪናዋ አልነሳ ብላታለች። ደረጃውን መልሳ ሮጣ ወጣችና ባዶው ቦታ ላይ ራሷ ቆመች። የሰሜን ምሥራቁ ንፋስ ከባሕር የሚመጣበት ቀን ነበር። ቀሪውን የነገረችኝ ባለ ዳቦ ቤቷ ሪታ ናት። አንድ የዕቃ መኪና መጣ አሉ።

«እትዬ፣ ዞር በይ ላቁም።»

«ተይዟል።»

«በማን? መኪና አይታየኝም።»

«በእኔ። እኔ አልታይህም?»

«መንገዱ የመንግሥት ነው።»

«እንግዲያው መንግሥትን ጥራና ያንሳኝ።»

ሰውዬው ጡሩምባውን ነፋ። እጇን አጣጥፋ አየችው። ደግሞ ነፋ። «ንፋ፣ ሳንባህ ይጠናል» አለችው። ሄደ፤ ሌላ መጣ፣ እሱም ሄደ። ሪታ ከምድጃ የወጣ፣ አይብ ያለበት ትኩስ ፓስቲዚና ሻይ ወሰደችላት፤ ቆማ በላች። ቤቴ ደጃፍ ላይ ልቀመጥ ብል ይቀድሙኛል አለች አሉ።

ቀትር ላይ ስንመጣ መሐረቧን አገጯ ሥር አስራ እዚያው ቆማለች። እንደ ትራፊክ ፖሊስ በእጇ ግቡ አለችን፣ ከዚያ ዞር ልትል ስትሞክር ጉልበቷ አልታጠፍ አላት። አባትሽን ትቼ እሷን ደገፍኩ። እሱ ከመኪናው ውስጥ ያያል።

ቤት ከገባን በኋላ «ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው?» አለኝ።

«እኛ ከወጣን ጀምሮ።»

«በዚህ ንፋስ?»

«በዚህ ንፋስ።»

ምሳውን አልበላም።

ትላንት ከዘራውን ይዞ፣ አትደግፊኝ ብሎኝ፣ ብቻውን ደጃፏ ሄዶ አንኳኳ። እኔ በመጋረጃው ቀዳዳ አያለሁ።

«ለመኪናሽ ባትሪ አዝዣለሁ» አላት። «ሰኞ እንዳትቆሚ።»

«አንተ ብቻ ሂድ። መቆሙን ለእኔ ተወው።»

«እሄዳለሁ» አላት። ለእኔ አንድም ቀን ያላለኝን ቃል። ዛሬ ከቅዳሴ ስንመለስ ደግሞ ነገ ስንት ሰዓት ልነሳ ብሎ ጠየቀኝ። የሚያስረው ጫማ ከአሁኑ በሩ ሥር ተቀምጧል።

እንግዲህ ልጄ፣ የሜልበርኑን ነገር። ግቢያችሁ ሦስት መኪና እንደሚያስቆም አምናለሁ፣ ልብሽም ከግቢሽ እንደሚሰፋ አውቃለሁ። ይሄ ደሴት ጠባብ ነው፣ እውነትሽን ነው፤ ሰው አንድ መኪና ማቆሚያ ለማግኘት ግማሽ ዕድሜውን ይዞርበታል። ግን እዚያ ቦታው ሁሉ ባዶ ከሆነ፣ ለአባትሽ ማን ይቆምለታል? ቤቱን አንሸጥም። አትቀየሚኝ።

አንድ ነገር ብቻ። ለገና ብትመጪ ደስ ይለኛል። የከርሞውን ማለቴ አይደለም፣ የዘንድሮውን። ሌላ ምክንያት የለኝም፣ ናፍቀሽኝ ነው። አባትሽም ትንሹን ቢያቅፈው ይወዳል። ሐኪሙም ቢመጡ ጥሩ ነው ብሎኛል፣ እንዲሁ በጨዋታ መሐል። ቲኬት ውድ ከሆነ ልጆቹን ብቻ ይዘሽ ነይ። ከአውሮፕላን ማረፊያው ግን መኪና እንዳትከራዪ፤ እኔ መጥቼ እወስዳችኋለሁ፣ ቪቶሪን ቦታውን ትይዝልናለች። ነግሬያታለሁ። ቀኑን ብቻ ንገሩኝ ብላለች።

መድኃኔ ዓለም ከነልጆችሽ ይጠብቅሽ፣ እመቤታችን መንገድሽን ታቅናልሽ፣ የወጣሽበት ደጅ በደህና መግቢያሽ ይሁን።

የምትወድሽ እናትሽ
ዶሪስ